የሌላ ሰው ቡሎን

መኪናዋ ገና መታጠፊያውን ሳትጨርስ ድምጿ ቀድሞ ደረሰ። ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ስለነበር መጀመሪያ አልሰማም፤ ነፋሱን ሲዘጋ ግን ቀና ብሎ ወደ ጎረቤቱ ጋራዥ ተጣራ።

“አንተ! እንግዳ መጥቶልሃል። በሦስት እግሯ እያነከሰች ነው።”

መካኒኩ ከተኛበት ከጭነት መኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጣና ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አንዱ ሲተኛበት የሚያሰማውን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ይህ ግን ከዚያ የባሰ ነበር።

“በሦስት ብትሆን ጥሩ ነበር” አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “ሁለቱ ናቸው የተኙት።”

መኪናዋ እየተንገጫገጨች ገብታ ስትቆም መካኒኩ ታርጋዋን አየ። ያውቃታል። ከሦስት ወር በፊት ሞተሯ ታድሶ የወጣችው ከዚሁ ጋራዥ ነው። ያደሳት ሰው እሷ በወጣች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቷል።

ባለቤቷ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። ይህችን መኪና ከገዛ ወዲህ ስለ ቱርቦዋ ሳያወራ የዋለበት ቀን ስለሌለ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ቱርቦ ይለዋል። ሲጠሩት አይከፋውም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ያን ቀን ግን ሲወርድ ፊቱ ጥቁር ብሎ ነበር።

“ዳገቱ ላይ ነው ጉድ የሠራችኝ” አለ። “ነዳጅ ስረግጥ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ፤ ወዲያው ደግሞ ጉልበቷ ከዳት። መብራት በራ። እንደ ሽማግሌ ታስላለች። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩንባው ሲሰለቸው ወርዶ በአፉ ይሰድበኝ ጀመር።”

“መቼ ነው?”

“ትናንት። እስከ ትናንት እንደ ሐር ነበር የምትሄደው።” ቱርቦ ወዲያና ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ልናገር አልፈልግም ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ግን ያኔ መኪናዋን ላስረክብ ስመጣ እጁን አይቼዋለሁ። ቁልፍ ሲይዝ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቴ ሌላ ጋራዥ ውሰዳት ብላኝ አንጀቴን በላኝና ተውኩት። እንዲያ የታመመ ሰው ቤቱ ይተኛል እንጂ ሞተር ይከፍታል?”

መካኒኩ ወደ መኪናዋ ፊት ዞረ። ኮፈኑን ከፈተ።

ሟቹ የእህቱ ባል ነበር። መካኒኩ እናትና አባቱን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥቶ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ አንድ ሻንጣ ይዞ ታላቅ እህቱ ቤት ሲመጣ በሩን የከፈተለት እሱ ነው። “እንግዳ ነህ ወይስ ቤተሰብ?” ሲል ጠየቀው። ልጁ ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። “እንግዳ ከሆንክ ቁጭ በል። ቤተሰብ ከሆንክ ና ይህን አልጋ ያዝልኝ።” አልጋውን ተጋግዘው ወደ ኋላኛው ክፍል አስገቡ። በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ።

የእህቱን ባል ሰው ሁሉ ቀስበል ነበር የሚለው። ለሚጣደፍ ደንበኛ “ቀስ በል” ይላል፤ ለሚያለቅስ ሕፃን “ቀስ በል”፤ አልላቀቅ ላለ ቡሎንም ቢሆን “ቀስ በል፣ የት ልትሄድ ነው?” ይላል። መካኒኩ ደግሞ እጀ ፈጣን ነው። ፈቶ የሚገጥም ሳይሆን ሰርቆ የሚሮጥ ይመስላል። “አንተን ያስተማርኩ እኔ መሆኔን ለሰው እንዳትናገር” እያለ ይቀልድበት ነበር። “ተባባሪ ነው ብለው ይይዙኛል።”

ቀስበል በዚያ ጋራዥ ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ የሌላ ሰው ቡሎን አይነካም። የጀመረ ይጨርሳል፤ ሲጨርስም “ተዘግቷል” ይላል። ከዚያ በኋላ ያንን ሥራ ቁልፍ ይዞ የሚጠጋው የለም። “ሁለታችንም ከነካካነው ማናችን የት እንዳደረስነው አናውቅም” ይል ነበር። እሱ “ተዘግቷል” ያለው ሞተር በጥፋቱ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ቆይቶ ሌላ በሳ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዳንዴም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ይረሳዋል። የቀስበል ወንድሞች የመካኒኩን እህት ባልሽን ከሥራ አስቀሪው ብለው ወጠሯት። እሱ ግን “ቤት አስቀምጠሽ ግድግዳ አታስቆጥሪኝ” አላት፤ እሷም አላስቀረችውም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ራሷ ቆልፋለት በር ድረስ ትሸኘው ነበር። የሞተ ዕለት ትልቁ ወንድሙ ለቅሶ የመጣው ሰው እየሰማ “እጁ ቁልፍ መያዝ ሲያቅተው እያየሽ ወደ ሥራ የሰደድሽው አንቺ ነሽ። ዕድሜውን ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ” አላት። ከዚያ ቀን በኋላ እሷም ወደ እነሱ ቤት፣ እነሱም ወደ እሷ ቤት ዝር አላሉም።

የቱርቦ መኪና ሞተር የቀስበል የመጨረሻ ሥራ ነበር።

መካኒኩ ከቀላሉ ጀመረ። የመመርመሪያውን ኮምፒውተር ሲሰካው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማያቃጥሉ ነገረው። በየሲሊንደሩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታና ደህና ከሚሠሩት ጋር አቀያየራቸው። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ኮይሎችም እንዲሁ። ሞተሩን ሲያስነሳው የተኙት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ከቱርቦው አየር የሚያመጣውን ወፍራም ቱቦ በሳሙና ውሃ እየቀባ ስንጥቅ ፈለገ። አንድም አረፋ አልወጣም። ቱቦው ቢሰነጠቅ እንዴት ደስ ባለው! የተሰነጠቀ ቱቦ ማንንም አይወቅስም።

አራቱንም ካንዴላዎች አወጣና የኮምፕሬሽን መለኪያውን በየተራ አስገባ። ቱርቦ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ያዞራል፤ መካኒኩ መርፌዋን እያየ ቁጥሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ይጽፋል። አንደኛው አሥራ አንድ ተኩል። ሁለተኛው አምስት። ሦስተኛው አምስት እንኳ አልሞላም። አራተኛው አሥራ አንድ ተኩል።

“ምን ማለት ነው?” አለ ቱርቦ ከመኪናው ወርዶ።

“ሞተር አየሩን አፍኖ ካልያዘ ጉልበት የለውም። እነዚህ ሁለቱ ያፈሳሉ።”

“በየት በኩል?”

“እሱን ነው የምንፈልገው።”

በሁለቱ ሲሊንደሮች ውስጥ አንዳንድ ማንኪያ የሚሆን ዘይት ጨመረና እንደገና ለካ። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ፋሻ ለአፍታ ይደፍነዋል፤ ያለቀው ፋሻው ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መርፌዋ ከአምስት ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ የጎሚስታውን የነፋስ ቱቦ ተውሶ ሁለተኛው ሲሊንደር ውስጥ አየር ለቀቀ። የሚያፈሰው የሲሊንደሩን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቮላ ከሆነ በጭስ ማውጫው ወይም በአየር ማስገቢያው በኩል ሲያፏጭ ይሰማል። ጆሮውን ሁለቱም ጋ ጣለ፤ ጸጥ ብለዋል። ዝም ብሎ መዳፉን በሦስተኛው ሲሊንደር ቀዳዳ ላይ አደረገው።

አየሩ መዳፉን ገፋው።

መዳፉን ሳያነሳ ትንሽ ቆየ። በሁለቱ ሲሊንደሮች መሃል ያለው አየር እንዳያልፍ የሚያሽግ አንድ ስስ ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱን ደግሞ የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታታ ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ቴስታታውን የሚይዙት አሥር ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው። አየር ከተሻገረ አንድም ጓርኒሲዮኑ ነው፣ አንድም ቡሎኖቹ በትክክል አልታሰሩም።

“ቴስታታው ይከፈታል” አለ።

“ያሰረው እሱ አይደል?” አለ ቱርቦ።

ቱቦውን ሊወስድ የመጣው ጎሚስታ ጣልቃ ገባ። “ሰውዬ፣ አንተ እኮ የምትከሰው ሕያው ሰው አላጣህም። እኔን ክሰስ፤ ጎማህን የነፋሁት እኔ ነኝ።”

ቱርቦ ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት እህቱ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ጋራዡን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱንም በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ልብስ ሰፊ ናት። በጥቁር ሹራቧ ላይ እዚህም እዚያም የክር ቁራጭ ተጣብቋል።

“እትዬ፣ ግቢ እንጂ።”

“አልቀመጥም። እውነት ነው?”

“ማን ነገረሽ?”

“የሰውዬው ሚስት። ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞርኩት ‘የባልሽ እጅ ሞተራችንን በላው’ አለችኝ።”

“ምን አልሻት?”

“ወገብሽ ጨምሯል አልኳት።”

መካኒኩ ሳያስበው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

“ገና አልከፈትኩትም” አለ ሳቁን ውጦ።

“ስትከፍተው እውነቱን ንገረኝ። ታጽናናኛለህ ብዬ አይደለም የመጣሁት።” የበሩን ብረት ይዛ ነበር የምታወራው። “ወንድሞቹ ያሉኝን ሰምተሃል። እኔ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የሰደድኩት። ሥራው ላይ ሲደርስ እንደሚጸናለት ነግሮኝ አምኜው ነው። ካልጸናለት፣ የሰው ሞተር አበላሽቶ ከሆነ፣ እነሱ ልክ ናቸው ማለት ነው። በሕይወት እያለ የሰው መሳቂያ ያደረግሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ልወቀው።”

“እሺ እትዬ።”

“እንዳትዋሸኝ። ሠላሳ ዓመት ከመካኒክ ጋር ኖሬያለሁ። መካኒክ ሲዋሽ አውቃለሁ።”

ከሄደች በኋላ የላይኛውን ክዳን አነሳ። ቫልቮላዎቹን የሚገፉትን ሁለት ዘንጎች አወጣ። አሥሩ ቡሎኖች ዘይት በተኛባቸው ጉድጓዶቻቸው ውስጥ ቆመው ታዩት። ቁልፉን ሊያስገባ ሲል አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። የእጅ ባትሪውን አበራና ጎንበስ አለ። ጉድጓዶቹን በጨርቅ ጠረጋቸው።

በእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ላይ የምስር ፍሬ የማያህሉ ሁለት ቀይ ነጥቦች ነበሩ። ቡሎኑ አጠገብ ባለው ብረት ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ቀይ ነጥብ።

የእነዚህ ሞተሮች ቡሎን እንደ ድሮዎቹ አይታሰርም። መጀመሪያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ እስከተባለው ልክ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ይጨመርበታል፤ ከዚያ ሌላ ሩብ ዙር። ያኔ ቡሎኑ እንደ ላስቲክ ሳብ ብሎ ቴስታታውን ጨምድዶ ይይዛል። ቀስበል ለእያንዳንዱ ሩብ ዙር አንድ ነጥብ አድርጓል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቡሎኑ የቆመበትን ቦታ ለማሳየት በሁለተኛው ነጥብ ትይዩ ብረቱ ላይ ሦስተኛ ነጥብ አስቀምጧል። እንዲህ ሲያደርግ መካኒኩ በሃያ ሁለት ዓመት አይቶት አያውቅም። ድሮ ምልክት አያስፈልገውም ነበር። እጁ እየከዳው፣ ሐሳቡም መሃል ላይ እየጠፋበት መሆኑን ያወቀ ሰው ብቻ ነው እንዲህ አድርጎ የሚሠራ። አሥር ቡሎን፣ ሠላሳ ነጥብ። አንድ እንኳ አልዘለለም።

ነጥቦቹ ግን አይገጥሙም። የቡሎኑ ነጥብ የብረቱን ነጥብ ሩብ ዙር አልፎ ሄዷል። በአንደኛው ቡሎን፣ በሁለተኛውም፣ በአሥሩም።

መካኒኩ ባትሪውን አጠፋና በጎማ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። ማን እንዳዞራቸው መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቀስበል ያንን ሞተር ያሰረ ዕለት መካኒኩ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ቀስበል ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ይዘላል። ረጅሙ የማጥበቂያ ዘንግ መሬት ላይ ወድቋል። “ተዘግቷል” አለው ቀስበል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመው አሮጌ ሚኒባስ ሄዶ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም አለ።

መካኒኩ ሞተሩን አየ፤ ቴስታታው ታስሯል፣ ሁለቱ ዘንጎችና የላይኛው ክዳን ግን ገና አልተገጠሙም። መሬት የወደቀውን ዘንግ አየ። ይህ ሰው በዚህ እጁ ይህን ሁሉ ሊጨርስ አይችልም ብሎ አሰበ። የመጨረሻውን ሩብ ዙር ረስቶታል፤ ወይም አቅቶት ሊናገር አፍሮ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው እንዳይነቃ እያጮለቀ፣ ዘንጉን አንስቶ የመጀመሪያውን ቡሎን ሞከረው። ቡሎኑ እሺ ብሎ ዞረለት። ይኸው፣ አልጠበቀም ብሎ አሥሩንም ሩብ ሩብ ዙር ጨመረላቸው። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ነገር ግን ሳያይ ቀረ፤ ዓይኑ ሚኒባሱ ላይ ስለነበር ነጥቦቹን አላየም፤ እንዲህ ያለው ቡሎን ደግሞ ልኩ ከሞላ በኋላም ቢሆን ለገፋው ሁሉ እንደሚዞር አላሰበም። የድሮ ሞተር ቴስታታ ተመልሰው ሲያጠብቁት ይወዳል፤ ይህኛው ይሞታል። ቀስበል የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ሦስት ቀን ይዞ የተቀመጠው ለዚህ ነበር። መካኒኩ አላነበበውም።

አንድ በአንድ ፈታቸው። ከአዲስ ቡሎኖች ጎን ሲያቆማቸው ሁሉም ተስበዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል የነበሩት ሁለቱ አንገታቸው ቀጥኖ ክር ሊሆን ደርሷል። ሦስት ወር ተንጠራርተው ያዙ። ዳገቱ ላይ ቱርቦው ሲገፋ አቃታቸው። ከሥራቸው ጓርኒሲዮኑ የጣት ያህል ተቃጥሎ ነበር።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። መፍትሔ የሚመስል ነገር መጣለት፤ ዕቃው ነው ቢልስ? ጓርኒሲዮኑ ከፋብሪካው ሲመጣ ችግር ነበረበት ቢል ቀስበልም ነጻ ይወጣል፣ እሱም ነጻ ይወጣል፣ ቱርቦም ይለሳለሳል። ነጥቦቹ በአንድ ጠብታ ቲነር ይለቃሉ። ነገሩን ሲያስበው ግን እህቱ በር ላይ ቆማ ታየችው። “ዕቃው ነው” መካኒክ ሁሉ ሲጨንቀው የሚለው ቃል ነው። አታምነውም። ሊያጽናናኝ ነው ትላለች፤ ዕድሜዋን በሙሉም የባሌ እጅ ነው እንዳለች ትኖራለች። ባሏን ከጥፋቱ የሚያወጣላት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ መካኒኩን ራሱን ጥፋቱ ውስጥ ያስገባዋል።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁለቱን የቀጠኑ ቡሎኖች በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። እህቱ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እጅጌ እየሰፋች ነበር። ሲገባ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

“ከፈትከው” አለች።

“ከፈትኩት። እሱ አይደለም እትዬ። የሱ እጅ ልክ ነበር።”

“አትዋሸኝ ብዬሃለሁ።”

ጨርቁን ፈቶ ቡሎኖቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ነጥቦቹን አሳያት። ለምን እንደተደረጉ አስረዳት። እሷ አንዱን ቡሎን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችውና ቀዩን ነጥብ በአውራ ጣቷ ጥፍር ነካካችው።

“የኔ የጥፍር ቀለም ነው” አለች። “አንድ ጠዋት ለምኖኝ ወሰደው። በስተርጅና ልትኳኳል ነው ብዬ ሳቅሁበት። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።”

“እሱ ሁሉንም በትክክል አስሮ ነበር። ከሱ በኋላ ነው የተበላሸው።”

“ከሱ በኋላ ማን ነካው?”

“እኔ።”

ሳያቋርጥ ነገራት፤ ዘንጉን፣ ሚኒባሱን፣ እያጮለቀ ያዞረውን። ሲጨርስ ቡሎኑን ከሌላው ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው።

“ነግረኸው ነበር?”

“አልነገርኩትም። ደክሞት ነበር። የማዝንለት መስሎኝ…”

“ያን ቀን ቤት ሲገባ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አለ መካኒኩ።

“ጫማውን ሳያወልቅ ነው የነገረኝ። ‘ዛሬ ብቻዬን ዘጋሁት። ልጁ ተዘግቷል ስለው አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ አምኖኝ ሥራውን ቀጠለ’ አለኝ። ራቱን ሳይለመን በላ። ከዚያ በኋላ የኖረውን አሥራ ሁለት ቀን በሙሉ በዚያ ነው የኖረው። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ያንኑ ያወራ ነበር። ‘ልጁ አመነኝ።’”

ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። እህቱ እስኪርቅ በመስኮቱ አየችው።

“ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ።”

“እኔን ምን አድርገኸኛል? ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው እዚህ የለም።” ዓይኗ አላለቀሰም፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር። “አንድ በኩል ደስ ይበለኝ እንዴ? እጁ እስከ መጨረሻው ጸንቶለታል፤ አልዋሸኝም። አንድ በኩል ደግሞ ያ ሁሉ ደስታው ባዶ ነበር። እንኳን ሳያውቅ ሞተ ልበል? እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?”

መካኒኩ ባዶውን ጨርቅ አጣጠፈ።

“ለሰውዬው ንገረው” አለች ቆይታ። “ለትልቁ ወንድሙም ሄደህ ንገር። በራስህ አፍ፤ እኔ ልኬህ ሳይሆን። እኔን ግን ሰሞኑን ተወኝ። ቤቴ አትምጣ ማለቴ አይደለም። ፊትህን ሳየው እሱ ሚኒባሱ ውስጥ ተኝቶ ይታየኛል።”

ቡሎኖቹን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ “እዚሁ ይሁኑ” አለችው።

ለቱርቦ መንገር የቀለለ መስሎት ነበር። ቱርቦ ከሰዓት በኋላ መጥቶ የተከፈተውን ሞተር ሲያይ፣ መካኒኩ ቆሞ አንድ በአንድ ነገረው። ጎሚስታውም ጎማ እያገላበጠ ይሰማል።

“ታዲያ ለምን ትነግረኛለህ?” አለ ቱርቦ ግራ ተጋብቶ። “እኔ እኮ በሱ ይሁን ብዬ ትቼው ነበር። ሙት ምን ይደረጋል ብዬ።”

“በሱ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። ሚስትህም ለእህቴ የነገረቻትን ሄዳ ትመልስላት።”

“እሱስ ልክ ነው” አለ ቱርቦ አንገቱን እያሻሸ። “እሱ ልክ ነው… ያን ንግግር እኔ ነኝ ቤት ወስጄ የዘራሁት።” ሞተሩን ትኩር ብሎ አየው። “አሁን ማን ነው መልሶ የሚያስረው? አንተ ነህ?”

“ካመንከኝ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ከአንተ የምቀበለው ነገር የለም።”

“እሰረው እንግዲህ። ግን አደራህን፣ ከኋላህ ማንም እንዳይነካካው።”

“ከኋላዬ ማንም የለም” አለ መካኒኩ።

ጎሚስታው አንዴ ሁለቱን፣ አንዴ ሞተሩን አየ። ጎማውን እያንከባለለ ወደ ቤቱ ገባ።

የቀስበል ትልቁ ወንድም ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። መካኒኩ ሲደርስ የግቢውን አጥር በመቀስ እየከረከመ ነበር፤ በቀብሩ ቀን የለበሰውን ኮት ለብሷል። እንግዳውን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ።

“እሷ ናት የላከችህ?”

“አይደለም ጋሼ። ራሴ ነኝ የመጣሁት። የምነግርዎት ነገር አለ።”

ሽማግሌው መቀሱን ሳያስቀምጥ ሰማው። ነጥቦቹ ላይ ሲደርስ “ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ስንት ነበሩ?” አለው።

“ሠላሳ።”

“አልተሳሳተም?”

“በአንዱም አልተሳሳተም።”

“እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔው ራሴ አይቻለሁ። ውሃ እንኳ ይፈስበት ነበር።”

“ይንቀጠቀጥ ነበር። ሥራው ግን ልክ ነው። ማመን ያቃተኝ እኔ ነኝ ጋሼ፤ ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው መቀሱን ከፈተው፤ የሚቆርጠው ቅርንጫፍ ፊቱ የለም፤ ዘጋው። አንዲት ቅጠል ከኮቱ እጅጌ ላይ አነሳ።

“እኛም እንዳንተው ነን” አለ በመጨረሻ። “ያየነው እጁን ነው። ‘አስቀሪው’ ያልናትም እሷን ነው፤ እሱን አንድ ቀን ትችላለህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ደግሞ…”

ሽማግሌው የተከረከመውን ቅርንጫፍ በጫማው ወደ አጥሩ ገፋው።

“አሁን እሷ ጋ ሄጄ ምን ብዬ እገባለሁ?”

“እኔም ለራሴ ገና አላገኘሁትም” አለ መካኒኩ።

“ቤት የምትገኘው መቼ ነው?”

“ሁልጊዜ አለች። መስኮቱ ሥር ነው የምትሰፋው፤ የመጣውን ሰው ገና ከመንገዱ ታየዋለች።”

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። መካኒኩ ደህና ይዋሉ ብሎ ሲወጣ ሽማግሌው መቀሱን እንደያዘ፣ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ነበር። መካኒኩ በእህቱ ቤት በኩል የሚያልፈውን አቋራጭ ትቶ፣ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ወደ ሥራው ሄደ።